በዝናብ ቀን የትኛው የተራራ ገዳም ይሻላል? ኮያሳን ወይስ ሂዬዛን፣ ደርሶ መልስ ወይስ አዳር

ሰኔ ላይ ጃፓን ውስጥ ኦሳካና ኪዮቶ አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ ይሄ ነገር ይገጥመዋል፣ ቅዳሜ ተራራ ላይ ወዳለው ገዳም እሄዳለሁ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቅ ቆይቶ አርብ ማታ የአየር ትንበያውን ሲከፍት ከጠዋት እስከ ማታ ዝናብ ይላል። ጹዩ የሚሉት የዝናብ ወቅታቸው ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ስለሚቆይ ደረቅ ቅዳሜ እስኪመጣ ልጠብቅ ያለ ሰው ወሩ እንዲሁ ያልቅበታል። ለትምህርት ለስልጠና ምናምን የሚመጡ ልጆች ደግሞ ያላቸው ቀን ትንሽ ነው፣ ሁሌ የሚጠይቁኝም እሱኑ ነው፣ ልሰርዘው ወይስ ልሂድ፣ ከሄድኩስ የትኛው ይሻለኛል የሚል። እኔ ኦሳካ በኖርኩባቸው ዓመታት ኮያሳን አምስት ጊዜ ወጥቻለሁ፣ ሶስቱ በዝናብ ነው፣ ሂዬዛንንም በፀሐይም በዝናብም አይቼዋለሁ፣ ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ዶፍ ካልሆነና ማስጠንቀቂያ ካልወጣ አትሰርዙት፣ ሂዱ። ምርጫው ከነዚህ ከሁለቱ ከሆነ በዝናብ ቀን ኮያሳን ይሻላል፣ አንድ ሌሊት ማደር ከቻላችሁ ደግሞ እደሩ። ምክንያቴ ቀላል ነው፣ ተራራ ላይ ዝናብ አለ ማለት ጉም አለ ማለት ነው፣ ጉም ካለ ደግሞ ከሩቅ የሚታይ ነገር የለም፣ ስለዚህ ከላይ ሆኖ ቁልቁል በማየት የሚያምር ቦታ ግማሽ ውበቱ ይሄድበታል። አጠገባችሁ ያለውን ድንጋይና ዛፍና ፋኖስ እያያችሁ የምትሄዱበት ቦታ ግን ምንም አይጎድልበትም፣ እንደውም ዝናቡ ይጨምርለታል።

ሁለቱ ተራራዎች

ለማያውቃቸው ትንሽ ልበል፣ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በ804 ሁለት ጃፓናውያን መነኮሳት ከአንድ የመልእክተኞች ጓድ ጋር በተለያየ መርከብ ተሳፍረው ሊማሩ ወደ ቻይና ሄዱ። አንዱ ሳይቾ ነው፣ እሱ ቀድሞ በ788 ከኪዮቶ ሰሜን ምስራቅ ባለው የሂዬ ተራራ ላይ ትንሽ መቅደስ ሰርቶ ነበር፣ እሱ ነው አድጎ ኤንርያኩጂ የሆነው፣ ከቻይና ሲመለስም ቴንዳይ የሚባለውን ትምህርት እዛ ተከለ። ሌላው ኩካይ ነው፣ በኋላ ኮቦ ዳይሺ የሚል የክብር ስም የተሰጠው፣ እሱ ሺንጎን የሚባለውን ይዞ መጣና በ816 ከንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አግኝቶ ከኦሳካ በስተደቡብ፣ ዋካያማ ውስጥ፣ ኮያሳንን መሠረተ። ሁለቱም እስከ ዛሬ ይጸለይባቸዋል፣ ሁለቱም የዓለም ቅርስ ናቸው፣ ሂዬ በ1994 ከኪዮቶ ጥንታዊ ቅርሶች ጋር፣ ኮያ በ2004 ከኪኢ ተራሮች የተሳላሚ መንገዶች ጋር ነው የተመዘገቡት።

ለተጓዥ ግን ትልቁ ልዩነት ሌላ ነው። ሂዬ ተራራው ላይ ከተማ የለም፣ በሶስት ሰፈር ተበታትነው የቆሙ ቤተ መቅደሶች ናቸው ያሉት፣ ከተማው ሳካሞቶ ከስር ነው። ኮያ ላይ ግን ከተማው ራሱ ተራራው ላይ ነው። 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በስምንት ጫፎች የተከበበ ሜዳ አለ፣ እነሱ የሎተስ አበባ ቅጠል ይመስላል ይሉታል፣ እዛ ሜዳ ላይ 117 ቤተ መቅደሶች ከትምህርት ቤቱ፣ ከዩኒቨርስቲው፣ ከፖስታ ቤቱና ከሱቁ ጋር አብረው ይኖራሉ። ዝናብ ሲበረታባችሁ ይሄ ነገር ዋጋው ይታወቃል፣ ምክንያቱም የትም ብትሆኑ አምስትና አስር ደቂቃ ተራምዳችሁ ጣሪያ ስር ትገባላችሁ።

ሂዬዛን በዝናብ

ሂዬን መጣል አልፈልግም፣ የሚያሸንፍበት ነገር አለው፣ አንደኛው ቅርበቱ ነው። ኪዮቶ ከሆናችሁና ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ ምርጫችሁ እሱ ነው። ሁለት መውጫ አለው፣ በያሴ በኩል ኬብል ካር ከዛ ሌላ ሮፕዌይ፣ ወይም በሳካሞቶ በኩል አንድ ኬብል ካር ብቻ። ዝናብ ካለ በሳካሞቶ ውጡ። በያሴ በኩል ያለው ሮፕዌይ አየር ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ንፋስ ሲነሳ ይቆማል፣ የሚወጣበትም ዋና ምክንያት እይታው ነው፣ ጉም ካለ ነጭ መስኮት እያያችሁ ነው የምትወጡት። የሳካሞቶው ኬብል ካር በ1927 የተከፈተ ነው፣ ሃዲድ ላይ ሆኖ በገመድ የሚጎተት፣ 2,025 ሜትር ርዝመት ያለው ከጃፓን ረጅሙ፣ በ11 ደቂቃ ያወጣችኋል። ከላይኛው ጣቢያ ቶዶ የሚባለው ዋናው ሰፈር አስር ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው። በፀሐይ ቀን ከዚህ ጣቢያ የቢዋ ሐይቅ ከነጀልባዎቹ ይታያል፣ በዝናብ ቀን የለም በቃ።

ቶዶ ላይ ያለው ኮንፖን ቹዶ የሚባለው ዋናው ቤተ መቅደስ ግን ብቻውን ለመንገዱ ይበቃል። ከ2016 ጀምሮ ትልቅ እድሳት ስለገባ ከውጭ በትልቅ ሽፋን ተሸፍኖ ነው ያየሁት፣ በዝናብ ቀን ሽፋኑ አይከፋም። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ መነኮሳቱ የሚጸልዩበት የውስጠኛው ክፍል ወለል እናንተ ከምትቆሙበት በጣም ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ፋኖሶቹና የቡድሃው ምስል ያሉበት ከፍታ ከእናንተ ጋር እኩል ይሆናል፣ ቀና ብላችሁ ሳይሆን ፊት ለፊት ነው የምታዩት። የማይጠፋው መብራት የሚሉት እዛ ነው፣ ከሳይቾ ዘመን ጀምሮ መነኮሳቱ ዘይት እየጨመሩ 1,200 ዓመት ያቆዩት። በ1571 ኦዳ ኖቡናጋ የሚባለው የጦር አበጋዝ ተራራውን በሙሉ ሲያቃጥለው እዚህ ጠፍቶ ነበር፣ ነገር ግን ቀደም ብሎ ከዚህ እሳት ተካፍላ በሰሜን ያማጋታ ላይ ያማዴራ በምትባለው ገዳም የምትነድ ስለነበረች ከዛ መልሰው አመጡት። እዛ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ውጭ ዝናቡን እየሰሙ ያችን ትንሽ ብርሃን ማየት በጣም ልብ ይነካል።

ችግሩ ከዛ በኋላ ነው። ሁለተኛው ሰፈር ሳይቶ በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ደረጃ ወርዶ ደረጃ ወጥቶ ነው፣ ሶስተኛው ዮካዋ ደግሞ ኪሎሜትሮች ይርቃል፣ አውቶቡስ ካልያዛችሁ አትደርሱም፣ አውቶቡሱም ቶሎ ቶሎ አይመጣም፣ በብርዱ ወራት ጭራሽ የለም። ዝናብ ላይ ቆሞ አውቶቡስ መጠበቅ ቀኑን ያበላሻል። ስለዚህ ሂዬን በዝናብ ከመረጣችሁ ቶዶን ብቻ ረጋ ብላችሁ እዩና ወርዳችሁ ሳካሞቶ ላይ ጊዜ አጥፉ። ሳካሞቶ ድሮ ያረጁ መነኮሳት ከተራራው ወርደው የሚያርፉባቸው ቤቶች ያሉባት ጸጥ ያለች ከተማ ናት፣ መንገዶቿ ዳርና ዳር ሁሉ የድንጋይ ካብ ነው፣ አኖ የሚባሉ የድንጋይ ባለሙያዎች ያለ ምንም ማጣበቂያ ትልቅ ትንሹን እያገጣጠሙ የካቡት። ካቡ ሲረጥብ ይጠቁርና የእያንዳንዱ ድንጋይ ቅርጽ ለብቻው ይወጣል፣ በደረቅ ቀን እንደዛ አይታይም። ትኩስ ሶባ፣ የነሱን ኑድል፣ በልታችሁ መመለስ ነው ከዛ።

ኮያሳን በዝናብ

አሁን ወደሚሻለው እንምጣ። ከኦሳካ ናምባ ጣቢያ የናንካይ መስመር አለ፣ ልዩ ፈጣኑ 80 ደቂቃ ገደማ ጎኩራኩባሺ ያደርሳል፣ ተራው 100 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፣ ብዙውን ጊዜም ሃሺሞቶ ላይ ይቀየራል። በዝናብ ቀን ልዩ ፈጣኑ ተጨማሪ ክፍያው የሚያስቆጭ አይመስለኝም፣ ወንበሩ በቁጥር ስለሆነ እርጥብ ዣንጥላና ቦርሳ ይዞ መቆም የለም፣ መቀያየርም የለም። ግን በቁጥር ስለሆነ አስቀድሞ መያዝ ይፈልጋል፣ ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ አገኛለሁ ማለት አያስተማምንም። የባቡሩን ደርሶ መልስ፣ ኬብል ካሩንና ተራራው ላይ ያለውን አውቶቡስ አንድ ላይ የያዘ ቲኬትም አለ፣ በዝናብ ቀን አውቶቡሱን ደጋግማችሁ ስለምትጠቀሙ እሱን ውሰዱ።

ከሃሺሞቶ በኋላ ባቡሩ ፍጥነቱን ይቀንስና ተራራ ተራራውን እየተጠማዘዘ፣ ከዋሻ ወጥቶ ዋሻ እየገባ ይወጣል። መስኮቱ ላይ ቅጠል ሊነካ ነው የሚቀረው። ጎኩራኩባሺ ማለት የገነት ድልድይ ማለት ነው፣ እዛ ወርዳችሁ ኬብል ካር ውስጥ ትገባላችሁ፣ በአምስት ደቂቃ ከ300 ሜትር በላይ ቀጥ አድርጎ ያወጣል፣ ጉሙ ውስጥ የምትገቡበት ቅጽበት ትታወቃችኋለች፣ ብርሃኑ ይቀየራል ጆሮም ይደፈናል። ላይ ስትወጡ ብርዱ ይቀበላችኋል፣ ከኦሳካ ከአምስት እስከ አስር ዲግሪ ይቀንሳል፣ የነሐሴ አዲስ አበባን አስቡ። ከጣቢያው ወደ ከተማው የሚወስደው መንገድ ለአውቶቡስ ብቻ የተፈቀደ ነው፣ እግረኛ አይሄድበትም፣ ስለዚህ በእግሬ ልውረድ አትበሉ።

አውቶቡሱ መጀመሪያ የሚያልፈው ኒዮኒንዶ የምትባል ትንሽ የእንጨት ቤት ነው፣ ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል። የሴቶች ቤት ማለት ነው። ኮያሳን ሴት አይገባበትም ነበር፣ መንግሥት ክልከላውን ያነሳው በ1872 ነው፣ ከዛ በፊት የመጡ ሴቶች እስከ መግቢያው ደርሰው እንደዚህ ባሉ ቤቶች ውስጥ ጸልየው ይመለሱ ነበር፣ ከሰባቱ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ደብረ ዳሞን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። እህቴ ልትጠይቀኝ መጥታ አብረን ስንሄድ እዛ ወርዳ ትንሽ ቆየች፣ ከዝናቡ ተጠልላ፣ ስንት ሴት እዚህ ቆማ ተመልሳለች አለችና ዝም አለች።

ተራራው ላይ ዋናዎቹ ሶስት ቦታዎች ናቸው፣ ኦኩኖኢን የመቃብሩ ጫካ በምስራቅ ጫፍ፣ ኮንጎቡጂ ዋናው ቤተ መቅደስ መሃል ላይ፣ ዳንጆ ጋራን የቤተ መቅደሶች ግቢው ከሱ ትንሽ ምዕራብ። ቅደም ተከተሉ በዝናብ ቀን ለውጥ ያመጣል፣ እኔ ኦኩኖኢንን በጠዋት አስቀድሙ እላለሁ፣ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ኩካይ በ835 ሞተ አይሉም፣ ኦኩኖኢን መጨረሻ ላይ ባለው መቃብር ውስጥ እስከ አሁን በጽሞና ላይ ነው ብለው ነው የሚያምኑት። ስለዚህ በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓትና ከረፋዱ 4፡30 በእኛ አቆጣጠር፣ መነኮሳት ምግብ ይወስዱለታል። ምግቡ ከሚዘጋጅበት ቤት ይወጣል፣ አጠገቡ ምግብ ይቀምሳል የሚባል ጂዞ የሚሉት ቅዱሳቸው ትንሽ ምስል ፊት ቆመው ይጸልያሉ፣ ከዛ ሳጥኑን ለሁለት ተሸክመው ድልድዩን ይሻገራሉ። ከናምባ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ከተነሳችሁ 4፡30ውን ትደርሱበታላችሁ። እኔ ያየሁት ካፊያ ሲጥል ነው፣ እነሱ ግን አልፈጠኑም አልዘገዩም፣ ልብሳቸው ላይ ውሃው እየተንጠባጠበ በዛችው እርምጃ ሄዱ፣ የጫማቸው ድምጽ ድንጋዩ ላይ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሺህ ምናምን ዓመት በየቀኑ እንዲህ ነው ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ረጅሙ መንገድ ወይስ አጭሩ

ኦኩኖኢን ሁለት መግቢያ አለው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አሮጌው መንገድ ኢቺኖሃሺ ከሚባለው ድልድይ ይጀምራል፣ እስከ መቃብሩ 2 ኪሎሜትር ነው፣ አርባ ደቂቃ ረጋ ብሎ። አጭሩ ናካኖሃሺ ካለው ፓርኪንግ፣ ኦኩኖኢን ማኤ ከሚባለው የአውቶቡስ ፌርማታ ነው የሚጀምረው፣ ግማሹን ያህል ነው፣ ሰፋ ያለና የተስተካከለ መንገድ አለው፣ መሃሉ ላይ ከአሮጌው ጋር ይገናኛል። በአጭሩ በኩል ያሉት መቃብሮች አዲሶች ናቸው፣ ትላልቅ ካምፓኒዎች ለሠራተኞቻቸው ያሠሯቸው፣ የሮኬት ቅርጽ ያለው ሐውልት አለ፣ ምስጥ የሚያጠፉ ባለሙያዎች ማኅበር ለገደሏቸው ምስጦች ያቆመው የመታሰቢያ ድንጋይም አለ፣ እሱ ነገር ሁሌ ያስቆመኛል፣ ላጠፉት ነፍሳት ይቅርታ መጠየቅ ብለው ድንጋይ ማቆማቸው።

አሮጌው ግን ሌላ ዓለም ነው። ሱጊ የሚሉት እንደኛ ጽድ ያለ ግን ቀጥ ብሎ በጣም የሚረዝም ዛፍ ግራና ቀኝ አለ፣ የመቶዎች ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ ከስራቸው ከ200,000 በላይ መቃብር አለ። ሂዬን ያቃጠለው ኖቡናጋ የመታሰቢያ መቃብሩ እዚህ ነው፣ በኋላ ጠላቶቹ የሆኑት የጦር አበጋዞች ሺንገንና ኬንሺንም እንዲሁ፣ ኖቡናጋ እኮ በ1581 ይሄንንም ተራራ በጦር ከቦት ነበር፣ በዓመቱ ሞተና ከበባው ቀረ፣ ዛሬ ግን ከጠላቶቹ ጋር አንድ ጫካ ውስጥ ነው ያለው። በደረቅ ቀን ድንጋዮቹ ግራጫ ናቸው፣ በዝናብ ቀን ግን ላያቸው ላይ ያለው የድንጋይ ሽበት ውሃ ይጠጣና አረንጓዴው ያበራል፣ ፊደሎቹ ውስጥ ሳይቀር የበቀለው ይታያል። ትናንሾቹ የጂዞ ምስሎች አንገታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮላቸዋል፣ ጨርቁ ረጥቦ ሲጠቁር ቀዩ ይደምቃል፣ አረንጓዴው መሃል እሱ ብቻ ነው ቀለም ያለው። ዛፎቹ ደግሞ ካፊያውን ይይዙታል፣ ከላይ ዝናብ እየጣለ እናንተ ላይ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ትልልቅ ጠብታ ነው፣ ዣንጥላ ዘግታችሁ የምትሄዱበት ጊዜ ይኖራል።

ስለዚህ ካፊያ ከሆነ ጠዋት በአጭሩ ግቡና ምግቡን ተከትላችሁ መቃብሩ ጋ ድረሱ፣ ስትመለሱ በአሮጌው ወደ ኢቺኖሃሺ ውጡ፣ እዛ አውቶቡስ አለ። ዶፍ ከሆነ በአጭሩ ገብታችሁ በአጭሩ ተመለሱ፣ የአሮጌው መንገድ ድንጋይ ንጣፉ ያልተስተካከለ ነው፣ የዛፍ ሥር አለበት፣ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እድሜያቸው የገፋ ሰዎች ይዛችሁ ከሆነ በማንኛውም ዝናብ አጭሩን ምረጡ።

ከመጨረሻው ድልድይ በፊት በወንዙ ዳር የተደረደሩ የነሐስ ምስሎች አሉ፣ ሰዎች ለሞቱባቸው ዘመዶች እየጸለዩ በጭልፋ ውሃ ያፈሱባቸዋል። በዝናብ ቀንም ያፈሳሉ። አንዲት ጠና ያሉ እናት ዣንጥላቸውን አንገታቸው ላይ አስደግፈው በሁለት እጃቸው ጭልፋውን ይዘው፣ ዝናቡ ምስሉን እያጠበው፣ እሳቸው ደግሞ ቀስ አድርገው ሲጨምሩበት አይቻለሁ። ከድልድዩ ወዲያ ፎቶ አይነሳም፣ ኮፍያ ይወለቃል፣ ምግብ አይበላም፣ የዝናብ ልብሳችሁ ላይ ያለውን ኮፍያም አውርዱት፣ ዣንጥላ ግን ችግር የለውም። መጨረሻ ላይ ያለው ቶሮዶ የፋኖሶች ቤት ነው፣ ጣሪያው ድረስ ፋኖስ ነው፣ ቀኑ ሲጨልም ወርቃማው ብርሃን ይበልጥ ይወጣል፣ እዛ ደግሞ ከዝናቡ ማምለጫም ነው።

ከሰዓት በኋላ ጣሪያ ስር

ኮንጎቡጂን ለዝናቡ የበረታ ሰዓት አስቀምጡት፣ ሙሉ በሙሉ ጣሪያ ስር ነው። ከመግባታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ፣ በሂኖኪ ዛፍ ቅርፊት የተከደነ ነው፣ ጫፉ ላይ የእንጨት በርሜሎች ተቀምጠዋል፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ናቸው፣ ድሮ እሳት ሲነሳ ጣሪያው ላይ ለማርከፍከፍ የተቀመጡ። ቅርፊት ጣሪያ ላለው ተራራ ዝናብ ጠባቂው ነበር ማለት ነው። ውስጥ ጫማ ይወለቃል፣ ኮሪደሩ የእንጨት ነው፣ ይበርዳል። ባንርዩቴይ የሚባለው የድንጋይ አትክልት ቦታ 2,340 ካሬ ሜትር ነው፣ 140 ድንጋዮቹ ኩካይ ከተወለደበት ከሺኮኩ የመጡ ናቸው፣ ከደመና የሚወጡ ሁለት ዘንዶዎች ሆነው ተቀምጠዋል፣ ደመናው ነጩ አሸዋ ነው። እውነተኛ ጉም ሲወርድበት ማየት የዝናብ ቀን እድል ነው፣ በረንዳው ላይ ሳትረጥቡ ቁጭ ብላችሁ። ከዛ ኩሽናው ጋ ለ2,000 ሰው የሚሆን ሩዝ የሚቀቀልባቸው ትልልቅ ምድጃዎች አሉ፣ ግድግዳውና ጣሪያው በጥላሸት ጠቁሯል፣ እናቶቻችን የእንጨት ጭስ ያጠቆረው ማድቤት ትዝ ይለኛል ሁሌ እዛ ስደርስ።

ዳንጆ ጋራን ሜዳ ላይ ስለሆነ ትረጥባላችሁ፣ ግን ኮንፖን ዳይቶን መተው አይሆንም፣ 48.5 ሜትር ከፍታ ያለው ብርቱካናማ ቀይ ሕንፃ ነው፣ የአሁኑ በ1937 የተሠራ፣ ጉም ውስጥ ሲቀርቡት ቀስ እያለ ነው የሚገለጠው። ውስጡ መሃል ላይ ዳይኒቺ የሚሉት ቡድሃ፣ ዙሪያውን አራት ሌሎች፣ አሥራ ስድስቱ ምሰሶዎች ላይ ደግሞ ቅዱሳኖቻቸው ተስለዋል፣ ቀለም በቀለም ነው። በአጠገቡ ያለው ጥድ ቅጠሉ ሶስት ሶስት ሆኖ የሚበቅል ነው፣ ሰው የወደቀውን ለቅሞ ለበረከት ቦርሳው ውስጥ ያስቀምጣል፣ በዝናብ ማግስት መሬቱ ላይ ብዙ ይገኛል። ዳይሞን የሚባለውን ትልቅ በር በዝናብ ዝለሉት፣ ጫፍ ላይ ነው፣ የሚወደደውም ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሰዓት ከተረፋችሁ በሱ ፈንታ ሬይሆካን ሙዚየም ግቡ፣ ከየቤተ መቅደሱ የተሰበሰቡት ጥንታዊ ሐውልቶችና ሥዕሎች ያሉት እዛ ነው።

ደርሶ መልስ ወይስ አዳር

ደርሶ መልስ ይቻላል፣ ግን በዝናብ ቀን ሁሉም ነገር ይዘገያል፣ ጫማ ማውለቅ ማድረቅ፣ ዣንጥላ ማራገፍ፣ አውቶቡስ መጠበቅ። ብዙው በር ደግሞ በጃፓን ሰዓት አምስት ሰዓት ማለትም በእኛ 11 ሰዓት አካባቢ ይዘጋል። የመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ዝናቡ ያባራል ብዬ ረፋዱን ሙሉ ናምባ ቡና ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር፣ ሰባት ሰዓት ላይ ተራራው ጋ ደረስኩ፣ ዝናቡም አላባራም፣ ኦኩኖኢንን ሮጥ ሮጥ ብዬ አይቼ ስመለስ ኮንጎቡጂ ሊዘጋ ነው ብለው መለሱኝ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ሌላ ጊዜ መምጣት ስለምችል ነው እንጂ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ቢሆንስ። ደርሶ መልስ ከሆነ በጠዋት ተነሱ፣ አለቀ።

አዳሩ ሹኩቦ ይባላል፣ ከ117ቱ ቤተ መቅደሶች ሃምሳ ያህሉ እንግዳ ያሳድራሉ። ዋጋው እራትና ቁርስ ጨምሮ በሰው ከ10,000 የን በላይ ነው፣ ብዙዎቹ ጋ ከዛም በደንብ ይበልጣል፣ ለተማሪ ኪስ ቀላል አይደለም፣ ይሄንን አልደብቅም። የክፍሉ ወለል ታታሚ የሚሉት የሳር ምንጣፍ ነው፣ መኝታው መሬት ላይ ይነጠፋል፣ በሩ የወረቀት ተንሸራታች ስለሆነ የጎረቤት ድምጽ ይሰማል፣ መታጠቢያው ብዙ ቦታ የጋራ ነው። ለሱ ምቾት የማይሰማው ሰው ደርሶ መልሱን ይምረጥ። ግን በዝናብ ቀን የሚያድር ሰው ብዙ ያገኛል፣ ከሰዓት ረጥባችሁ ገብታችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትነከራላችሁ፣ ልብስ ትቀይራላችሁ፣ ደርሶ መልስ የሄደው ሰው ያኔ እርጥብ ካልሲውን ለብሶ ባቡር ውስጥ ነው።

ምግቡ ሾጂን ርዮሪ ነው፣ እኛ አገር ሰው ከሌላው ቱሪስት የበለጠ የሚገባው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የጾም ነው። ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር የለበትም፣ መረቁ የሚሠራው ኮምቡ ከሚባል የባህር ቅጠልና ከደረቀ እንጉዳይ ነው። ጎማዶፉ የሚሉት ከሰሊጥ የሚሠራ ልስልስ ያለ ነገር አለ፣ የተራራው ስም የተሰጠው ኮያዶፉ ደግሞ በብርድ ቀዝቅዞ የደረቀ ቶፉ ነው፣ መረቁን እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። ጃፓን ውስጥ የሰኔን ጾም የሚጾም ሰው የሚያሰቃየው የዓሣ መረቅ ሁሉም ምግብ ውስጥ መኖሩ ነው፣ እዚህ ግን ሳይጠይቅ ሳይመረምር ተቀምጦ ይበላል። የሚጾም ጓደኛዬን ይዤ ስሄድ ሳህኖቹ በየትንንሹ ተደርድረው ሲመጡ አይቶ ሁሉንም መብላት እችላለሁ ብሎ ሁለቴ ነው የጠየቀኝ። ወተት ነክ ነገር ስለመኖሩ ብቻ ሲመዘገቡ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ንጋት ላይ ጸሎት አለ፣ 12 ሰዓት አካባቢ በእኛ፣ እንግዳው ከኋላ ይቀመጣል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ መነኮሳቱ ዜማ ባለው ድምጽ አንድ ላይ ያነባሉ፣ መሃል ላይ ደወል ይመታል። ማኅሌት ቆሞ ያደገ ሰው ቃሉን ባይሰማም አቀማመጡን ያውቀዋል፣ እምነቱ የተለያየ ነው፣ ማንም ተሳተፍ አይላችሁም፣ ዝም ብሎ በአክብሮት መቀመጥ በቂ ነው። ዝናቡ ጣሪያው ላይ እየወረደ ያንን ድምጽ መስማት የአዳሩን ገንዘብ ለእኔ አስረስቶኛል።

መቼ አትሂዱ

ከባድ ዝናብ ማስጠንቀቂያ ከወጣ ወይም ታይፉን እየመጣ ከሆነ ሁለቱም ጋ አትሂዱ። የኮያ ባቡር የመጨረሻው ክፍል ገደል ገደሉን ስለሚሄድ ዝናብ ሲበረታ ይቆማል፣ በ2017 ጥቅምት ላይ ታይፉን መስመሩን ጎድቶት እስከ 2018 መጋቢት መጨረሻ ድረስ ባቡሩ እላይ አይደርስም ነበር። ስለዚህ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ የባቡሩን ሁኔታ እዩ፣ ላይ ከሆናችሁም ዝናቡ ሲጠነክር ቀድማችሁ ውረዱ። ከኩዶያማ በእግር የሚወጣው ጥንታዊው የተሳላሚ መንገድ በ180 የድንጋይ ምልክቶች የተለካ፣ ከ20 ኪሎሜትር በላይ የሚሆን፣ በጣም የሚያምር ነው፣ ግን ለደረቅ ቀን ይቆይ።

ቶኪዮ ያላችሁ ኮያሳንን በደርሶ መልስ አታስቡት፣ ለአንድ መንገድ ብቻ አምስት ሰዓት ገደማ ይሄዳል፣ ለአዳር ብቻ ነው የሚሆነው። ለአንድ ቀን ከሆነ የቤተ መቅደሶች ከተማ ኒኮ ይሻላችኋል፣ ከቶኪዮ አሳኩሳ ጣቢያ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ሪንኖጂ የሚባለው ቤተ መቅደስ ውስጥ ያሉት ሶስቱ ትልልቅ ወርቃማ ምስሎች ጣሪያ ስር ናቸው።

የምትይዙትን በአጭሩ፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ፣ ሶሉ የሚይዝ፣ ግን ቶሎ የሚወልቅ ይሁን፣ ቀኑን ሙሉ ስታወልቁ ስታጠልቁ ነው የምትውሉት። ቀለል ያለ ሹራብ በሰኔም ቢሆን። ጥሬ ገንዘብ። እና ካልሲ፣ ሁለት ጥንድ ትርፍ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የኮንጎቡጂ የእንጨት ወለል ላይ በእርጥብ ካልሲ ስትሄዱ ከኋላችሁ የሚቀረው የእግር ዱካ እስክትወጡ ድረስ ሐሳባችሁን ይይዘዋል፣ በሩ ጋ ቁጭ ብላችሁ ቀይራችሁ ግቡ።